እናቱ ያመጣችለት መጽሐፍ

በ1968 ብሩክሊን ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ሲጫወት መኪና ገጨው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ክንዱ ተሰበረ፣ የውስጥ አካሉ ተጎዳ፣ ሐኪሞች ጣፊያውን አወጡት። አጥንቱ እስኪጠግን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቱ መጽሐፍ ይዛለት መጣች። ሌላ እናት ብትሆን የተረት መጽሐፍ ታመጣ ነበር። ማቲልድ ያመጣችው ግን የሕክምና ተማሪዎች የሚያጠኑበትን ግሬይ አናቶሚ ነው። ምን እንደተሰበረበት፣ ምን እንደወጣለት ማወቅ የሚፈልግ ልጅ መልሱን እዚያ ውስጥ በሥዕል ያገኘዋል።

የቀረው ታሪክ እዚህ መጽሐፍ ላይ ስለሚንጠለጠል ስለ እሱ ጥቂት ልበል። ግሬይ አናቶሚ መጀመሪያ የታተመው በ1858 ለንደን ውስጥ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሄንሪ ግሬይ የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ሥዕሎቹን የሠራው ደግሞ የሥራ ባልደረባው ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር ነው። መጽሐፉ በግሬይ ስም ብቻ መጠራቱ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ተማሪዎች የወደዱት የካርተርን እጅ ነውና። በሌሎች የአናቶሚ መጻሕፍት አጥንቱ ወይም ጡንቻው አጠገብ ፊደል ወይም ቁጥር ይቀመጣል፤ ተማሪው የፊደሉን ፍቺ ፍለጋ ወደ ግርጌ ወይም ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ካርተር የአጥንቱን ስም እዚያው አጥንቱ ላይ ጻፈው። ጡንቻውም ስሙን በራሱ ላይ ተሸክሞ ተሳለ። ዐይን ቅርጹንና ቃሉን አንድ ላይ ያነባል።

ያ ልጅ ዣን ሚሼል ባስኪያ ነው። አድጎ ሠዓሊ ሲሆን ጥርስ ስሎ አጠገቡ «ጥርስ»፣ እግር ስሎ አጠገቡ «እግር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሆነ። ብዙዎች ይህን ልማዱን የግድግዳ ላይ ጽሑፍ ውርስ ያደርጉታል፤ ልጅ እያለ ከሚወዳቸው የካርቱን መጽሔቶች የሚያመጡትም አሉ። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን መነሻውን የማየው ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነው።

ስለ ባስኪያ በተጻፈ ነገር ውስጥ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፣ ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም። ሐረጉ ግን ያታልላል። ስንሰማው ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያጠጣው የበቀለ ተሰጥዖ ይታየናል። የባስኪያ መምህራን ግን ብዙ ነበሩ። መርጦ የሾማቸው ራሱ ነው እንጂ ማንም አልመደበለትም።

የመጀመሪያዋን ግን አልመረጣትም። ማቲልድ አንድራዴስ ብሩክሊን ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ የተወለደች፣ ራሷም መሳል የምትወድ ሴት ነበረች። ልጇ በታኅሣሥ 22 ቀን 1960 ተወለደ። ገና ትንሽ ሳለ እጁን ይዛ ሙዚየም ለሙዚየም ታዞረው ጀመር፤ በስድስት ዓመቱ የብሩክሊን ሙዚየም የልጆች አባል አደረገችው። ይህ ሙዚየም በአሜሪካ ካሉት ታላላቅ የጥንታዊት ግብፅ ቅርሶች ስብስቦች አንዱ የሚገኝበት ነው። ወንዙን ተሻግረው ማንሃተን ሲገቡ ደግሞ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነበረላቸው፤ እዚያም የፒካሶ «ጌርኒካ» ተሰቅሏል። ሥዕሉ በ1981 ወደ ስፔን እስኪመለስ ድረስ ኒው ዮርክ ነበር። ባስኪያ በልጅነቱ ከሁሉ አብልጦ ይወደው እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

እስቲ በልጅ ዐይን እንየው። ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ነው፤ ደማቅ ቀለም የለበትም፤ እንደ ጋዜጣ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ። ፈረሱ ይጮኻል፣ እናቲቱ የሞተ ልጇን ታቅፋለች፣ ፊቶቹ ከጎንም ከፊትም በአንድ ጊዜ ይታያሉ። የሥዕል ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ቢሆን ትክክለኛ የፊት አሳሳል ከተማረ በኋላ ነው ፒካሶ እንዴት እንዳፈረሰው የሚነገረው። ይህ ልጅ ግን የፈረሰውን ከመጀመሪያው እንደ ትክክለኛ አሳሳል ተቀበለው። ባስኪያ «መሳል አይችልም» ሲባል የሰማሁት ሁሉ ይህችን ነጥብ የዘለለ ነው።

አባቱ ዤራር ከሄይቲ ዋና ከተማ ከፖርቶ ፕራንስ የመጣ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ሥርዓት አክባሪ፣ አለባበሱን አሳማሪ፣ የጃዝ ሸክላ አዳማጭ፣ በሥራው የገፋ፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው። ልጁ በቤቱ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ይዞ አደገ። ይህን የማነሳው ወደፊት ጋዜጦቹ ልጁን ከጎዳና የተገኘ ምስኪን አድርገው ስለሚያቀርቡት ነው። ያመፀው ከደህና ቤት ወጥቶ ነው፤ የአመፁም ነገር የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው።

ቤቱ ግን በዚያው በአደጋው ዓመት ተሰነጠቀ። ወላጆቹ ተለያዩ፤ ልጁና ሁለት እህቶቹ ከአባታቸው ጋር ቀሩ። እናትየው በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ትገባ ትወጣ ጀመር። አባትየው ለሥራ ወደ ፖርቶ ሪኮ ሲዛወር ልጆቹ እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ኖረው በ1976 ተመለሱ። ትምህርት ቤት ሲቀያየር፣ ከአባቱ ቁጣ ጋር ሲጋጭ ቆይቶ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከቤት ጠፋ። ዋሽንግተን ስኩዌር በተባለው የማንሃተን መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ አደረ፤ ኤል ኤስ ዲ የተባለ ዕፅም ወሰደ። አባቱ አግኝቶ መለሰው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሲወጣ ግን የወጣው ለመቅረት ነበር።

ሁለተኛው አስተዳደጉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመካከሉ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙን ብንመልሰው «ከተማዋ ናት ትምህርት ቤቱ» ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ይህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመደበኛው ክፍል መቀመጥ ላልሆነላቸው ልጆች የታሰበ ነበር፤ ተማሪው በሙዚየም፣ በቲያትር ቤት፣ በድርጅት እየሠራ ነጥብ ያገኛል። ባስኪያ እዚያ አል ዲያዝ ከተባለ ልጅ ጋር ገጠመ። ለትምህርት ቤቱ ጋዜጣ የሐሰት ሃይማኖት የሚሸጥ ነጋዴ ታሪክ ጻፈ፤ የሃይማኖቱን ስም «ሳሞ» አለው። ቃሉ የወጣው «ያው የድሮው ቆሻሻ» የሚል ስሜት ካለው የሰፈር እንግሊዝኛ ነው። ቀልዱ ከጋዜጣው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ወጣ። ከ1978 ጀምሮ በታችኛው ማንሃተን ጋለሪዎች በሚበዙበት ሰፈር ሁሉ የሳሞ ጽሑፍ ታየ።

ሳሞን ከባቡር ላይ ግራፊቲ ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ባቡር የሚቀቡት ልጆች ስማቸውን ያጌጡታል፤ ፉክክሩ በፊደል አሳሳል፣ በቀለምና በብዛት ነው። ሳሞ ጌጥ አልነበረውም። በተራ ትልልቅ ፊደላት የተጻፈ፣ ጥቅስ የሚመስል፣ ግማሹ ስብከት ግማሹ ማስታወቂያ የሆነ ፌዝ ነበር፤ ሃብታም ልጆችንና ሥነ ጥበብ ወዳድ ነን ባዮችን ይሸነቁጣል። መጨረሻው ላይ የቅጂ መብት ምልክት ይደረግበታል። የማንም ያልሆነን ግድግዳ ጽሑፍ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ» ማለት ራሱ ቀልድ ነው፤ ያ ምልክት ከዚያ በኋላ ከሸራዎቹም አልጠፋም። በ1978 መጨረሻ ቪሌጅ ቮይስ የተባለው ጋዜጣ የጸሐፊዎቹን ማንነት አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጓደኛሞች ተጣሉ፣ ግድግዳዎቹም የሳሞን መርዶ ተናገሩ።

ትምህርት ቤቱ ባስኪያን ሳያስመርቀው ቀረ። የሚነገረው ታሪክ በምረቃ ዝግጅት ላይ የርእሰ መምህሩን ራስ በመላጫ አረፋ እንዳለበሰው ነው። ተሳክቶለታል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ክፍል ግባ አላለውም።

አሁን የገባበት ዓለም ለምን እንደዚያ እንደነበረ ካልተገለጸ የሠዓሊው ነገር ተአምር ይመስላል። ኒው ዮርክ በ1975 ለኪሳራ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ፋብሪካዎች ከታችኛው ማንሃተን ለቀው ወጥተዋል፤ ሰፋፊ ፎቆች ባዷቸውን ናቸው፤ ተከራይ ያጡ ቤቶች ይቃጠላሉ። ባለሀብት የሸሸውን ሰፈር ሙዚቀኛው፣ ሠዓሊው፣ ፊልም ሠሪው ገባበት። ኪራይ ርካሽ ስለሆነ ሰው በትንሽ ገንዘብ ወር ይገፋል፤ ቀሪው ጊዜ የራሱ ነው። መድ ክለብን በመሳሰሉ የምሽት ቤቶች የሚገናኙት እነዚህ ወጣቶች አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፦ አለማወቅ አያሳፍርም። ጊታር የማይችለው ባንድ ያቋቁማል፣ ካሜራ ይዞ የማያውቀው ፊልም ይሠራል። ፓንክ የሚሉት ሙዚቃ መንፈስም ይኸው ነበር።

ባስኪያም ከማይክል ሆልማን ጋር ባንድ አቋቋመ። ክላርኔትና ሲንተሳይዘር ይነካካል፤ ጊታሩን በብረት ሞረድ ይሞርደዋል። ለባንዱ የተሰጠው ስም «ግሬይ» ነው። ከሆስፒታሉ አልጋ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእናቱ መጽሐፍ መድረክ ላይ ወጣ።

ያኔ ቋሚ ቤት አልነበረውም፤ የሚያድረው ጓደኛ ዘንድ ነው። ሸራ መግዣ ስለሌለው በርም፣ መስኮትም፣ ማቀዝቀዣም፣ ከመንገድ ያነሳው ሳንቃም ሸራው ሆነ። በእጁ የሠራቸውን ፖስት ካርዶች እያዞረ ይሸጣል። አንድ ቀን ዝነኛው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ሶሆ በተባለው ሰፈር ምሳ ሲበላ አይቶ ምግብ ቤቱ ገባና አንዱን ካርድ በአንድ ዶላር ሸጠለት።

በዚሁ ዓለም ውስጥ ያገኘው ሌላ ሰው ፋብ ፋይቭ ፍሬዲ ነው። ፍሬዲ የብሩክሊን ልጅ፣ የሂፕ ሆፕን ባህል ወደ ታችኛው ማንሃተን ካመጡት አንዱ ነው። የክርስትና አባቱ ታላቁ የጃዝ ከበሮ ተጫዋች ማክስ ሮች ነበር። ሁለቱ ወጣቶች በሂፕ ሆፕና በፓንክ መሐል ቁጭ ብለው የአባቶቻቸውን ዘመን ቢቦፕ ይሰሙ ነበር። ዘመናዊ ለመሆን የሚሯሯጥ ሰው የአባቱን ሸክላ አይነካም። ባስኪያ ከአባቱ ቤት ወጥቶ የአባቱን ሙዚቃ ይዞ ቀጠለ።

ቢቦፕን እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ የአሠራሩ ቁልፍ ነውና። በ1940ዎቹ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን መውሰድ ነው። ዜማውን ይጥሉታል፤ ከሥሩ ያለውን የኮርድ አካሄድ ያስቀሩና አዲስ ዜማ ይጭኑበታል። ፓርከር በ1946 የቀረጸው «ኦርኒቶሎጂ» አጥንቱ የሌላ የታወቀ ዘፈን ነው። ርእሱ «የአዕዋፍ ጥናት» ማለት ሲሆን የፓርከር ቅጽል ስም «ወፉ» ነበር።

የባስኪያም አሳሳል እንዲሁ ነው። አብረውት የነበሩ እንደሚሉት ሲሠራ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ መጻሕፍት ወለሉ ላይ ተከፍተው ይበተናሉ፣ ብዙ ሸራ በአንዴ ይሠራል። ዐይኑ ያረፈበት ሸራው ላይ ይወርዳል። ከመጻሕፍቱ ውስጥ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕሎች ጥራዝ አለ። ሊዮናርዶም እንደ ካርተር ከአካል ሥዕሎቹ ጎን የሚጽፍ ሰው ነው፤ ባስኪያ እሱን የመረጠው ለሞናሊዛ ፈገግታ ብሎ አይመስለኝም። የአፍሪካ የዋሻ ሥዕሎች መጽሐፍም አለ። ሄንሪ ድሬይፈስ በ1972 ያሳተመው የምልክቶች መዝገብም አለ፤ በዚህ ውስጥ ባስኪያን የሳቡት የአሜሪካ ተንከራታች የቀን ሠራተኞች ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በባቡር እየተሳፈሩ አገር ላገር ሲዞሩ በየአጥሩና በየግድግዳው በኖራ ወይም በከሰል ምልክት ይተዉ ነበር፦ እዚህ ቤት ምግብ ይገኛል፣ እዚህ ውሻ አለ፣ እዚህ ምንም አይገኝም እለፍ። ሳሞን ግድግዳ ላይ የጻፈ ልጅ ይህን ገጽ ሲያገኝ ዘመዶቹን አገኘ።

ከሠዓሊዎች መካከል የቀረበው ሳይ ቱምብሊ ነው። ይህ አሜሪካዊ ሠዓሊ ሮም ተቀምጦ ትልልቅ ነጫጭ ሸራዎች ላይ እንደ ተማሪ ሰሌዳ የሚጭር፣ የግሪክ አማልክትን ስም ጽፎ የሚያደበዝዝ ነበር። ባስኪያ ከእሱ የወሰደው ቃል በሸራ ላይ እንደ ቀለም እንደሚውል ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ጨመረ፦ ቃሉን ጽፎ ይሰርዘዋል። ለምን እንደሚሰርዝ ሲጠየቅ፣ የተሰረዘ ቃል ሰው እንዲያነበው ይበልጥ ይጋብዛል የሚል መልስ ሰጥቷል። የተሰረዘ ደብዳቤ እጁ ገብቶ ከሥርዙ ሥር ያለውን ለማንበብ ወደ ብርሃን አንስቶ የማያውቅ ካለ ይፍረድበት።

ዝናው የመጣበትን ፍጥነት በአጭሩ ልለፈው። በየካቲት 1981 በፒ ኤስ ዋን ዐውደ ርዕይ ላይ ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገጣሚው ሬኔ ሪካርድ አርትፎረም መጽሔት ላይ ጻፈለት። አኒና ኖሴ የጋለሪዋን ምድር ቤት ለሥራው ሰጠችው። በ1982 ጀርመን ካሰል ከተማ በሚካሄደው ዶኩሜንታ በተባለው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ሲሳተፍ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዝግጅት ታሪክ ከእሱ ያነሰ ሠዓሊ አልታየም። ያን ዓመት «አናቶሚ» የተባሉ 18 ሕትመቶችን አወጣ፤ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ መስመር አጥንት፣ ከአጥንቱ ጋር ስሙ።

ገበያው ሥራዎቹን ወደደ፤ ሰውየውን ግን «የዱር ልጅ» አድርጎ ሊሸጠው ፈለገ። በአንድ በቪዲዮ የተቀረጸ ቃለ ምልልስ ጠያቂው ሥዕሎቹን ጥንታዊና በደመ ነፍስ የሚሠሩ አድርጎ ሲገልጽበት፣ ባስኪያ እንደ ዝንጀሮ ማለትህ ነው ወይ ብሎ መለሰለት። ስለ ሄይቲ ሥነ ጥበብ ተጽዕኖ ሲጠየቅም፣ ሄይቲ ሄዶ እንደማያውቅና ያደገው በአሜሪካ ነገር፣ በተለይም በቴሌቪዥን እንደሆነ ተናገረ። ጠያቂው የሚፈልገው ደም ነበር፤ የተሰጠው መልስ ንባብና እይታ ነው። «ራሱን ያስተማረ» የሚለው ሐረግ በዚህ አኳኋን ሲነገር ምስጋና መምሰሉ ይቀርና ንቀት ይሆናል። ሰውየው አንባቢ መሆኑን ይሰርዛል፤ ይህኛው ሥርዝ ደግሞ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ተብሎ የተደረገ አይደለም።

አፍሪካንም ያገኛት በንባብ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ፋሪስ ቶምፕሰን በ1983 ስለ ዮሩባና ስለ ኮንጎ ጥበብ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ መቀጠል የጻፈውን መጽሐፍ አነበበ፤ ኋላ ለአንዱ ዐውደ ርዕዩ መግቢያ እንዲጽፍለት የጠየቀው ይህንኑ ምሁር ነው። በዚያው በ1983 ከዓባይ ጋር በተያያዘ ስሙ የሚታወቀውን ባለ ሦስት ክፍል ትልቅ ሥዕል ሠራ። የኑብያ ጭምብሎችና ጀልባ አሉበት፤ የግብፅ ከተሞች የሜምፊስና የቴብስ ስሞች ከአሜሪካዊቷ ቴነሲ ጎን ተጽፈዋል። ሜምፊስ የሚባል ከተማ ቴነሲም ውስጥ አለና፣ ዓባይ በዚህ ሸራ ላይ ከግብፅ ተነስቶ ሚሲሲፒ ዳር ይወጣል። በብሩክሊን ሙዚየም የግብፅ ክፍሎች ውስጥ እናቱ እጁን ይዛ ላዞረችው ልጅ ይህ መንገድ ሩቅ አልነበረም። አፍሪካን በእግሩ የረገጠው በ1986 አቢጃን ላይ ሥራዎቹን ሊያሳይ ሲሄድ ነው።

ዋርሆል፣ ወዳጁም አከራዩም የነበረው፣ በየካቲት 1987 ሞተ። ባስኪያ በነሐሴ 12 ቀን 1988 ከዋርሆል በተከራየው ቤት ውስጥ ከመጠን ባለፈ ሄሮይን ሞቶ ተገኘ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1982 የሳለው አንድ የራስ ቅል ሥዕል በ1984 በ19,000 ዶላር ተሽጦ ነበር፤ በ2017 በጨረታ 110.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ስለ እሱ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው።

እኔ ግን አንባቢዬ ሌላ ሥዕሉን እንዲፈልግ እመክራለሁ፤ በ1983 የተሠራውና ዛሬ ሎስ አንጀለስ በዘ ብሮድ ሙዚየም የሚገኘውን «ሆርን ፕሌየርስ» የተባለውን። ሦስት ጎን ለጎን የቆሙ ሸራዎች ናቸው፤ በአንደኛው ጫፍ ፓርከር ሳክስፎኑን፣ በሌላኛው ጊሌስፒ ትራምፔቱን ይዘዋል። ፊቶቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ቃላቱን አንብቡ። «ኦርኒቶሎጂ» አለ። «ፕሪ» አለ፤ በሕፃንነቷ የሞተችው የፓርከር ልጅ ስም ነው። ከእነሱ ጋር ደግሞ ጆሮ፣ ጥርስ፣ እግር፣ ማንቁርት ተጽፏል።

ማንቁርት የሚለው በእንግሊዝኛ የተጻፈው የመንገድ ሰው በሚጠራበት ስም አይደለም፤ በግሬይ አናቶሚ ውስጥ በሚገኘው የሕክምና ስሙ ነው።